ኢትስ ኤ ሃርትኤክ፦ የማይለምን የፍቅር ዘፈን

ቦኒ ታይለር ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ያንን ትልቁን ዘፈን ነው። "ቶታል ኢክሊፕስ ኦፍ ዘ ሃርት"ን። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላው ነው። "ኢትስ ኤ ሃርትኤክ" ይባላል። በፈረንጆቹ 1977 መገባደጃ ላይ በትንሿ ሸክላ የወጣ ነጠላ ዜማ ነው። በእኛ 1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ያኔ እዚህ ምን ዘመን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው አልነግረውም። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ ከትልቁ ይበልጣል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሴት ስቀዳና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሴት ሲሞት ወደ ሲዲ፣ ሲዲ ሲሞት ወደ ፍላሽ ተሻገርኩ። አሁን ፍላሹም እያጣጣረ ነው። ልጆቹ ሁሉን ነገር ከስልካቸው ያወርዳሉ። እኔ ስፒከር እጠግናለሁ። የሞተ ቴፕ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ እሱን አያለሁ። በቅርቡ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚያራግፉ ሰዎች አንድ ካርቶን ሸክላ ገዛሁ። አብዛኛው የተቧጨረ ነው። ጥቂቱ ፀሐይ አጣሞታል። ከመሃል ይቺ ወጣች። ሽፋኗ ጠርዙ ላይ ሻግቷል። የጅማ እርጥበት ለወረቀት አያዝንም። ሸክላዋ ግን ደህና ናት።

መጀመሪያ ሴትዮዋን እንያት። እኛ ዌልስን የምናውቀው በኳስ ነው። ራያን ጊግስ፣ ጋሬት ቤል፣ አለቀ። ቦኒ ታይለርም የዚያው ሀገር ልጅ ናት። በ1951 ኒዝ ከሚባል ከተማ አጠገብ፣ ስኪዌን በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ቤተሰቡ ብዙ ልጅ ያለበት ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ጌይኖር ሆፕኪንስ ነው። የመድረክ ስሟን ከጋዜጣ ላይ ስም እየለቀመች፣ አንዱን ካንዱ እያጋጠመች ነው ያገኘችው። በየክለቡ ስትዘፍን ቆይታ በ1976 "ሎስት ኢን ፍራንስ" የሚል ዘፈን አወጣች። እንግሊዝ ውስጥ 9ኛ ደረጃ ድረስ ወጣላት። ደህና ዘፈን ነው። ደስ ይላል፣ ቀለል ያለ ነው፣ ሲያልቅ ትረሳዋለህ።

ከዚያ ድምፅዋ ታመመ።

ድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ ወጣ። ብዙ የሚዘፍኑና ብዙ የሚጮኹ ሰዎች ላይ የሚወጣ ነው። አስተማሪዎችም ይይዛቸዋል። በ1977 ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ለሳምንታት ትንፍሽ እንዳትል ታዘዘች። አንድ ቀን ግን በንዴት ጮኸች። ታሪኩን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች። ቁስሉ በቅጡ ሳይድን ስለጮኸች ድምፅዋ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሻካራ ሆኖ ቀረ። ዘፋኝነቴ አበቃ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘፈን ነው እንግዲህ ይሄ። እንግሊዝ ውስጥ 4ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። ስድስት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጧል። ሐኪሟ ምን እንዳለ ማወቅ እፈልግ ነበር።

ዘፈኑን የጻፉት ሮኒ ስኮትና ስቲቭ ዎልፍ ናቸው። ሮኒ ስኮት ስል የጃዙ ሳክስፎን ተጫዋች አይደለም፤ ስመ ሞክሼ ናቸው። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ማካይ፣ አሳታሚው አርሲኤ ነው። ይህ ለአብዛኛው ሰው ምኑም አይደለም። እኔ ግን የሸክላ መሃል ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት አንብቤ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ አልፌው መሄድ አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

እኛ ሀገር የፍቅር ዘፈን ግማሹ ልመና ነው። ማሪኝ፣ ተመለሽ፣ አልችልም፣ ልሞት ነው። ነቀፌታ እንዳይመስልብኝ፤ በልመና ዘፈን ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ጥሩ የሚለምን ዘፋኝ ካሴት ሲያወጣ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ሲለምን ድንጋይ ይራራል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። አብዛኛው የእነሱ ስሎው ሙዚቃ ተንበርክኮ የሚዘፈን ነው።

ይሄኛው አይለምንም። ሴትዮዋ ተከድታለች፣ ዘፈኑ እሱን ነው የሚናገረው። ግን ሰውየውን ና አትለውም። ሂድም አትለውም። የምታደርገው ምንድን ነው? የደረሰባትን ነገር በስሙ ትጠራዋለች። ይሄ የልብ ሕመም ነው ትላለች። የሞኝ ጨዋታ ነው ትላለች። ብርድ ዝናብ ላይ ቆሞ የሰው መሣቂያ መሆን ነው ትላለች። በቃ። የሆስፒታል ካርድ ላይ እንደሚጻፍ ዓይነት ነው። የበሽታው ስም፣ ምልክቱ፣ ጨርሻለሁ።

ግጥሙን እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ጎረቤቴ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አየልኝ። አንድ ነገር አሳየኝ። ዘፈኑ ከላይ እስከ ታች የሚናገረው በጥቅሉ ነው። ፍቅር እንዲህ ያደርግሃል፣ ሰው እንዲህ ይጥልሃል፣ እያለ ነው የሚሄደው። ስለ ጎረቤት የሚወራ ይመስላል። "እኔ" የሚለው ቃል የሚመጣው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዜማው ቀና ብሎ ወደ ሌላ መንገድ በሚታጠፍበት ክፍል ውስጥ፣ ሰውን ያን ያህል መደገፍ ብልህነት እንዳልሆነ ስትናገር፣ "እኔ አንተን እንደተደገፍኩት" የሚል ሐሳብ ታመልጣታለች። አመለጠቻት ነው የምለው። ከዚያ ወዲያው ተመልሳ ወደ ጥቅሉ ወሬ ትገባለች። ስለ ሌላ ሰው እያወራ ቆይቶ ድንገት ስለራሱ መሆኑ የሚታወቅበት ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? እሱ ነው። ድምፅዋ በጣም የሚሰነጠቀው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ያን ቦታ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቃሉን ትገፋዋለች፣ ጉሮሮዋ እምቢ ይላል፣ ቃሉ ግን ያልፋል።

ይህን ዘፈን ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ሴት ብትዘፍነው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ያምር ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ እናዝንላት ነበር። ቦኒ ታይለርን ሰምቼ አላዝንላትም። አልቅሳ የጨረሰች ሰው ናት የምትመስለው። ሻካራው ድምፅ ያደረገው ይህን ነው። እኛ ደግሞ በተፈጥሯችን የምንወደው የጠራ፣ የሚርገበገብ፣ ላይ ወጥቶ የሚንቆረቆር ድምፅ ነው። ጎርናና ድምፅ ለወንድ እንጂ ለሴት አንፈቅድም። ሆኖም ደንበኞቼ ይቺን ሴት ወደዷት። ስሟን ስለማይዙት "ያቺን ጎርናናዋን ቅዳልኝ" ነበር የሚሉኝ። የጭነት መኪና ሾፌሮች በተለይ። ቡና ጭነው አዲስ አበባ የሚወጡ፣ ጊቤ በረሃን በሌሊት የሚያቋርጡ ሰዎች። እነሱ ካንትሪ ሙዚቃ ይወዳሉ። ዶሊ ፓርተን፣ ኬኒ ሮጀርስ፣ ጂም ሪቭስ፣ ዶን ዊሊያምስ የሌለበት ካሴት ሰጥተህ ሾፌር አታስደስትም። እንግሊዝኛ የማይናገረው ሾፌር እንኳን ሙሉውን አብሮ ይዘፍናል። "ኢትስ ኤ ሃርትኤክ"ን የምቀዳላቸው ከእነዚያ መሃል ሸጉጬ ነው። ማንም ይሄ ካንትሪ አይደለም ብሎ የመለሰልኝ የለም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በካንትሪ ሰንጠረዣቸው ላይ 10ኛ አድርገውታል። ስለዚህ የጅማ ሾፌር ጆሮ አልተሳሳተም።

ስለ ካሴቱ ዘመን ካነሣሁ አይቀር አንድ ቂም አለብኝ። አዲስ አበባ ካለ አንድ አከፋፋይ የተቀዳ የስሎው ሙዚቃ ስብስብ እናመጣ ነበር። ስሙን አልጠራም። የእሱ ካሴት ላይ ይህ ዘፈን የተቀመጠው ሳይድ ኤ መጨረሻ ላይ ነው። ክሩ አልበቃም። ስለዚህ ጊታሩ ብቻውን መጫወት ሲጀምር ቀጭ ብሎ ይቆማል። እኛም ከዚያ እየቀዳን ስለሸጥነው ብዙ የጅማ ሰው ዘፈኑ እዚያ የሚያልቅ ይመስለው ነበር። አንዴ አንድ ደንበኛ ሙሉውን ሲሰማ "ጋሼ፣ ይሄ የተጨመረበት ነው እንዴ?" ብሎኛል። ምን ልበለው?

አቀናባበሩ ቀላል ነው። መግቢያው አጭር ነው። ጊታር ጥቂት ይመታና ወዲያው አዝማቹ ይመጣል። ይህ ራሱ ድፍረት ነው። አብዛኛው ዘፈን ስንኙን ያስቀድምና ወደ አዝማቹ ያደርሰሃል። ይሄ የቤቱን ዋና ክፍል መጀመሪያ ነው የሚከፍተው። ድራሙ ኋላ ነው የሚቆየው፤ ቤዙ ረጋ ያለ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲመጣ አይሞላፈጥም። የምትዘፍነውን ዜማ ተቀብሎ እሱም በራሱ አፍ ይናገረዋል። የሰርግ ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ቁጭ ብሎ ኮርዶቹን፣ ማለትም ዜማውን የሚያጅቡትን የድምፅ ጥምሮች፣ ወዲያው አወጣቸው። ከሲ ብትነሣ ወደ ኢ ማይነር፣ ከዚያ ኤፍ፣ ተመልሰህ ሲ፣ ከዚያ ጂ። ስንኙም አዝማቹም የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው። የሚለየው ያ ቅድም ያልኩት ክፍል ብቻ ነው። ያ "እኔ" የሚመጣበት። ኮርዱም ግጥሙም የሚታጠፉት አንድ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያቀዱት ይሁን በአጋጣሚ የመጣላቸው እነሱ ያውቃሉ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

እንከን የለውም አልልም። ግጥሙ ያንኑ ይደጋግማል። ሁለተኛው ዙር ላይ አዲስ ወሬ የለም። የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል። ዝናብና መሣቂያ መሆን የሚሉት ሐሳቦችም ከዚህ ዘፈን በፊት ስንት ሰው ተጠቅሞባቸዋል። ምንም እንኳን እኛ ጅማዎች ዝናቡን ለማመን ባንቸገርም። እዚህ ከተማ ውስጥ ከሰው ቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ የሚጠብቀው ሰው የቀረበት ሰው ሞልቷል። መጨረሻውም አይጥመኝም። ድምፁ ቀስ እያለ እየከሰመ ነው የሚያልቀው። ያን ያህል ቁርጥ ያለ ነገር የተናገረች ሴት ቁርጥ አድርጋ ብትጨርስ ነበር የሚያምርባት። ያ አከፋፋይ ሳያውቀው አሻሽሎት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ስለ ሸክላዋ ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና። በደቂቃ 45 ዙር የምትዞር ናት። መሃሏ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ስለሆነች ማጫወቻዬ ላይ አልቆምም አለች። መሃሉ ላይ የሚገባው ፕላስቲክ ጅማ ውስጥ የለም። ከጀሪካን ክዳን ቆርጬ፣ በሞረድ ሞርጄ ሠራሁላት። መሃሉን በትክክል ካልመታኸው ድምፁ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ስለዚህ ደጋግሜ ሞረድኩት። ሸክላዋን ለስለስ ባለ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ውኃ አጠብኳት። በመስመሮቹ አቅጣጫ ዙሪያውን እንጂ ወደ ጎን አይታሸም። መርፌውን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭርጭር አለ። ከዚያ ጊታሩ መጣ።

ልዩነቱ ይሰማል። በስልክ የምትሰሙት ፋይል ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ተጨምቆ ትሬብሉ የሚያፏጭ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ሻካራ ነገር እንደ ብልሽት ይሰማል። ሸክላው ላይ ግን ከሻካራው ሥር ሌላ ድምፅ አለ። ወፍራም፣ ሙቀት ያለው። ሻካራው ከላይ የተነጠፈ ነው። ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታም ይለያል። ይህን በርካሽ ኢርፎን አትሰሙትም። ደህና ስፒከር ከሌላችሁ ቢያንስ ኢኮላይዘሩን አስተካክሉት፤ ትሬብሉን ዝቅ፣ መካከለኛውን ትንሽ ከፍ።

ሱቄ እየመጣ የሚያስቸግረኝ አንድ የባጃጅ ልጅ አለ። ሸክላ አይቶ አያውቅም። እየዞረች እያለ ማጫወቻው ላይ ያለውን ቁልፍ ነካካና ከ45 ወደ 33 አወረደው። ቦኒ ታይለር ወንድ ሆነች። ቀልዴን አይደለም። ሐዘን የሰበረው፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ሆነች። ልጁ ደንግጦ "ፋዘር፣ ይሄ ማነው?" አለ። ያስቃል፣ ግን ደግሞ ያምራል። ዘፈኑ በዚያ ፍጥነትም አይፈርስም። ፈረንጆቹም ያኔ በሬዲዮ ሲሰሟት ከሮድ ስቱዋርት ድምፅ ጋር ያመሳስሏት ነበር። ሮድ ስቱዋርት ራሱ በ2006 ይህን ዘፈን በአልበሙ ላይ ዘፍኖታል። ጁስ ኒውተን የምትባል አሜሪካዊትም ያኔውኑ ዘፍናዋለች። የእሷ ለስለስ ያለ ነው። ቅድም ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ብትዘፍነው ያልኩትን የተጠራጠረ እሷን ይስማ።

ለሚያወርዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ዘፈን ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ሁሉ ዋናው አይደለም። ቦኒ ታይለር ራሷ በኋላ ዘመን ደግማ ቀድታዋለች። በ2005 "ዊንግስ" የሚባል አልበሟ ላይ አዲስ ቅጂ አለ። ከዚያ በፊትም ካሪን አንቶን ከምትባል ፈረንሳይኛ ዘፋኝ ጋር በሁለት ቋንቋ ሠርታዋለች። የመድረክ ቅጂዎቹም ብዙ ናቸው። መጥፎ አይደሉም። ሴትዮዋ እንደ ጠጅ ናት፤ ቆይታም ጠንካራ ናት። ግን በእነዚያ ላይ ድምፅዋን ታውቀዋለች። ሻካራ መሆኗን ታውቃለች፣ ሰውም እሱን ፈልጎ እንደመጣ ታውቃለች፣ ስለዚህ ትጨምርበታለች። በ1977ቱ ላይ ግን ድምፁ ለራሷም አዲስ ነው። ምን ድረስ እንደሚወስዳት ገና አላወቀችም። ዋናውን የምትፈልጉ "ናቹራል ፎርስ" የሚለውን የ1978 አልበም ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ አልበሙ የወጣው በዚሁ ዘፈን ስም ነው። ከበሮው ደረት የሚደበድብ ከሆነ፣ ኪቦርዱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ እሱ አይደለም፤ ዝለሉት።

እንግዲህ ከታላቅየው ጋር ላወዳድረው ቃል ገብቻለሁ። "ቶታል ኢክሊፕስ ኦፍ ዘ ሃርት" በ1983 የወጣ ነው። የጻፈውና ያዘጋጀው ጂም ስታይንማን ነው። በ2021 አርፏል። ይህ ሰው ትንሽ ነገር መሥራት የማይችል ሰው ነበር። አልበሙ ላይ ዘፈኑ ወደ ሰባት ደቂቃ ይጠጋል። ፒያኖው የሮይ ቢታን፣ ድራሙ የማክስ ዋይንበርግ ነው። ሁለቱም የብሩስ ስፕሪንግስቲን ባንድ ሰዎች ናቸው። ከኋላ ሆኖ ዙሪ እያለ የሚጠራት ወንድ ደግሞ ሮሪ ዶድ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል። ነጎድጓድ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ እንደገና ነጎድጓድ አለ። እዚህ ጅማ ውስጥ ያን ዘፈን ያስወደዱን የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም የተመሠረተው ዘፈኑ በወጣበት በ1983 ነው፤ በኋላ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ልጆች ካሴት ይዘው ይመጡ ነበር። ሲመረቁ መሰነባበቻ ላይ እሱን ሳይከፍቱ አይሄዱም።

ፀሐይ በተጋረደች ቁጥር ደግሞ ይነሣል። በ2017 አሜሪካ ላይ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ሴትዮዋ ራሷ መርከብ ላይ ሆና ዘፍናዋለች። እኛም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነች ቀን፣ ጅማ ላይ በከፊል እያየናት፣ እኔ በስፒከር ለቅቄዋለሁ። አልዋሽም፣ ይሠራል። ለእንዲህ ያለ ቀን የተሠራ ዘፈን ነው። ለአዳራሽ፣ ለሰርግ፣ ለሰው ብዛት ይሆናል።

ግን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ይለምናል። እጁን ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ፣ መብራት አስበርቶ። ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚሰበረው። "ኢትስ ኤ ሃርትኤክ" ያን ሁሉ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ጊታርና አንድ የተጎዳ ጉሮሮ ይበቃዋል። ትልቁን ዘፈን የስታይንማን ነው ብትሉኝ እስማማለሁ። ትንሹ ግን የእሷ ነው። ማንም ደራሲ ያን ስንጥቅ ጽፎ አልሰጣትም።

ለማን ይሆናል? ለጭፈራ አይሆንም፤ ቢሞከርም እግር አይይዝም። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ አትክፈቱት፤ ጊታሩ በጫጫታ ይዋጣል። ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሰው ሁለት ሦስት ሆኖ ሲቀር ጥሩ ነው። ሹፍርና ላይም ጥሩ ነው፣ በተለይ ከሰኮሩ ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፤ ፍጥነት አያስጨምርም። በቅርቡ ለተለያየ ሰው ግን አልመክርም። ጥቂት ወር ይለፍና ይስማው። ትኩስ ቁስል የሚፈልገው የሚለምነውን ዘፈን ነው፤ እሱን የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ሸክላዋን ለሽያጭ አላቀርባትም። ጀርባዋ ላይ ያለውን ዘፈን ከጠየቃችሁኝ አንዴ ሰማሁት፣ ገለበጥኳት፣ ከዚያ ወዲህ አልገለበጥኳትም። ዋናውን ዘፈን ወደ ፍላሽ ቀድቼዋለሁ፤ ጭርጭርታውን አላጠፋሁትም። ለመስማት የሚፈልግ ሱቅ ይምጣ፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ አለሁ።

የኪቦርዱ ጓደኛዬ ግን እስካሁን የሮድ ስቱዋርት ይሻላል ይላል። ወንዱ ነው የገባው ይላል። ይህን ጽሑፍ ማንበቡ አይቀርም። እንግዲያው ሐሙስ፣ ገበያው ከመድመቁ በፊት፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን እናጫውታቸው። የባጃጁ ልጅ ይፍረድ። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል።